«ቤዝ የለውም» ያለውም «ቤዙ በዛ» ያለውም ልክ ናቸው፦ ስለ ኬፍ ኪው ሜታ ስፒከሮች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በቅርቡ በተሠራ የብሎኬት ቤት ይኖራሉ። ሳሎናቸው 5 ሜትር በ4 ሜትር ሲሆን ከፍታው 2.8 ሜትር ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው። ከአሜሪካ የሚመጡት ወንድማቸው የእንግሊዙ ኬፍ ኩባንያ በ2024 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ካወጣቸው ኪው ሜታ የተባሉ የቤት ስፒከሮች አንዱን ጥንድ ሊያመጡላቸው ቃል ገብተዋል። ይሁን እንጂ የድምፅ አፍቃሪዎች የሰጡትን አስተያየት ሲያነቡ ግራ ገብቷቸዋል፤ አንዱ «ከዋጋው በላይ ነው» ሲል ሌላው «ቤዝ» (ወፍራሙ የታችኛው ድምፅ) «የለውም» ይላል፣ ሦስተኛው «ቤዙ ቤቱን አናወጠው» ብሎ ያማርራል፣ አራተኛው ደግሞ 85 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) የሚል ቁጥር ጠቅሶ «ያለ ትልቅ አምፕሊፋየር አትሞክሩት» ይላል። የጠያቂው አምፕሊፋየር 50 ዋት ነው። «ማንን ልመን? የትኛውንስ ላስመጣ?» ብለዋል።

ካነበቧቸው ሰዎች መካከል ዋሽቶ የጻፈ ያለ አይመስለኝም። እያንዳንዳቸው የሰሙትን ተናግረዋል፤ የሰሙት ግን ስፒከሩን ብቻ ሳይሆን ስፒከሩን ከነቤታቸው ነው። እንደ እርስዎ ሳሎን ባለ ክፍል ውስጥ በግምት ከ200 እስከ 300 ኸርዝ (ኸርዝ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካበት ነው) ባለው ወሰን በታች የሚሰማውን ድምፅ በአብዛኛው የሚወስነው ክፍሉ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ በአብዛኛው ስፒከሩ ይወስነዋል። ስለዚህ ስለ ቤዝ የተጻፈውን ሁሉ፣ ሙገሳም ይሁን ወቀሳ፣ ለጊዜው ወደ ጎን ይተዉት፤ ስለ ሰው ድምፅ፣ ስለ ክራርና ስለ ማሲንቆ ጥራት የተጻፈውን ግን ደግመው ያንብቡት፣ ምክንያቱም ስፒከሩ ባሕር ዳር ሲደርስ ይዞት የሚመጣው ጠባይ እሱ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ የተማርኩት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ከተማ ወለል ላይ የሚቆሙ ትልልቅ ስፒከሮች የገዛ አንድ ወጣት ቤቱ ጠርቶኝ ሄጄ ነበር። ልጁ በሳሎኑ መሀል ለመሀል ባስቀመጠው ሶፋ ላይ ሆኖ «ይህን ሁሉ ብር ከስክሼ ቤዝ የሚባል ነገር የለውም» ይላል። እናቱ በክፍሉ ማዕዘን ረከቦታቸውን ዘርግተው ቡና እያፈሉ ነበርና «ኧረ ልጄ ቀንሰው፣ ሲኒዬን ልትሰብርብኝ ነው» ይላሉ፤ እውነትም በረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ከበሮው በተመታ ቁጥር እርስ በርስ እየተነካኩ ይንቃጨላሉ። እናቱን አስፈቅጄ በርጩማ ስቤ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ቤዙ ደረት ይደቃል። ተነሥቼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ፤ ቤዙ የለም። እናትና ልጅ ሦስት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ሆነው፣ ስለ አንድ ስፒከርና ስለ አንድ ዘፈን ፈጽሞ የሚቃረን ምስክርነት ይሰጡ ነበር፣ ሁለቱም ደግሞ እውነታቸውን ነው። ሶፋውን አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ስንገፋው የልጁ ቅሬታ ረገበ፤ ስፒከሮቹን ከማዕዘኖቹ ስናርቃቸው ሲኒዎቹም ጸጥ አሉ። አንዲት ብር አልወጣችም፣ ከሦስት ሲኒ ቡና ሌላም አልተከፈለኝም።

ምክንያቱን በእርስዎ ክፍል ልክ ላስላው። በቤት ውስጥ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 345 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህን ቁጥር በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ላለው ርቀት እጥፍ ሲያካፍሉት ክፍሉ በራሱ የሚያስተጋባበትን ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያገኛሉ፦ ለ5 ሜትሩ 35 ኸርዝ ገደማ፣ ለ4 ሜትሩ 43፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ ላለው 62። በእነዚህ ድግግሞሾች ላይ ድምፁ በግድግዳዎቹ አጠገብና በተለይም በማዕዘኖች ይከማቻል፣ በሁለቱ ግድግዳዎች እኩሌታ ላይ ግን ይጠፋል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይጫን ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፤ ሙዚቀኛው አንድ ፍሬት ወደ ላይ ሲጫን በቀጥታ የክፍልዎ 43 ኸርዝ ላይ ያርፋል። አንዷ ኖታ ስትጮህ ቀጣይዋ የምትሰወረው በዚህ የተነሣ ነው እንጂ አጫዋቹ እጁ ስለሚዛባ ወይም ዉፈሩ (ቤዙን የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ስለ ደከመ አይደለም።

እዚህ ላይ የውጭ አገር አስተያየቶችን ስታነቡ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ልጨምር። በሰሜን አሜሪካ አብዛኛው መኖሪያ ቤት ግድግዳው ከእንጨት ማዕቀፍና በላዩ ከተለጠፈ የጂፕሰም ሰሌዳ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ በቤዝ ድምፅ ይርገበገባል፣ ሲርገበገብም ከድምፁ ጉልበት የተወሰነውን ይበላል። የእኛ ልስን ብሎኬት ግን ንቅንቅ አይልም፤ የደረሰውን ቤዝ ተቀብሎ መልሶ ወደ ክፍሉ ይወረውረዋል። ስለዚህ «ቤዙ ትንሽ ቀጠነብኝ» ብሎ ከአሜሪካ የጻፈ ሰው ያንኑ ስፒከር በእርስዎ ሳሎን ቢሰማው አስተያየቱን ሊለውጥ ይችላል። የእርስዎ የጂፕሰም ኮርኒስ በተወሰነ ደረጃ ይረዳል፤ ቆርቆሮ ለብሰው ከውስጥ በችፑድ የተኮረነሱት የቆዩ ቤቶችም በዚህ ረገድ ከአዲሶቹ የተሻሉ ሆነው ያገኘኋቸው ጊዜ አለ፣ ምንም እንኳ በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ስፒከሩን ማጥፋት ግድ ቢሆንም።

አሁን ወደ ስፒከሮቹ ልምጣ። ኬፍ በ1961 (እ.ኤ.አ.) ቀድሞ በቢቢሲ በሠራው መሐንዲስ በሬይመንድ ኩክ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ትልቁ መለያው በ1988 ያወጣው ዩኒ ኪው የተባለው አሠራር ነው፦ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) ከዉፈሩ በላይ ለብቻው ከመቀመጥ ይልቅ በኮኑ (በሚርገበገበው ሾጣጣ አካል) እምብርት ላይ ይገጠማል። ትዊተሩና ዉፈሩ ለየብቻ በሚቀመጡበት በተለመደው ሳጥን አንድ ዘፋኝ የሚወጣው ከሁለት አፍ ነው፤ ከፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ሁለቱ ይገጥማሉ፣ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ለተቀመጠ ግን ሁለቱ በሚረካከቡበት የድምፅ ክልል እርስ በርስ መጠፋፋት ይጀምራሉ። በዩኒ ኪው ምንጩ አንድ ነጥብ ስለሆነ ድምፁ ወደ ጎንም ወደ ላይም ሲሄድ ጠባዩን ብዙ አይለውጥም። ኤል ሶፋ ዘርግቶ ቤተሰቡን ከዳር እስከ ዳር ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ ከማንኛውም ሌላ ጠባይ የሚበልጥ ጥቅም ነው ብዬ አምናለሁ።

አፍቃሪዎቹን ያነጋገረው አዲሱ ነገር ግን «ሜታ» የሚለው ቅጥያ ነው። ከትዊተሩ ጀርባ ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸው ጠመዝማዛ መተላለፊያዎች የተቀረጹበት ዝርግ ክብ ሰሌዳ ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ መተላለፊያ የራሱን የድግግሞሽ ክልል ይይዛል፣ ሰሌዳው ተደምሮም ወደ ኋላ የሚወጣውን አላስፈላጊ ድምፅ 99 በመቶ ይውጣል ሲል ኩባንያው ይገልጻል። ይህ ዘዴ መጀመሪያ የታየው በ2020 በወጣው ኤልኤስ 50 ሜታ ላይ ሲሆን አሁን ወደ ርካሹ ወደ ኪው መደብ ወርዷል፤ ደስታውም ጫጫታውም ከዚህ የመነጨ ነው። እኔ ዘዴውን አከብረዋለሁ፣ ነገር ግን ገዢ እንደሆንኩ ባስብ ገንዘቤን የምከፍለው በመጀመሪያ ለዩኒ ኪው፣ ቀጥሎ ለሰሌዳው ነው።

ከመደቡ ውስጥ የትኛው የሚለውን በተመለከተ፣ ወለል ላይ የሚቆሙትን ረጃጅሞቹን ይተዋቸው እላለሁ። 20 ካሬ ሜትር በሆነ የብሎኬት ክፍል ውስጥ ተጨማሪ ዉፈሮች የሚያመጡት ሊገራ የሚገባው ትርፍ ቤዝ ነው፤ በዚያ ላይ ለመንገደኛ ሻንጣ የተፈቀደው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ ነውና ወንድምዎን ለምን ያስጨንቃሉ። ምርጫዎ በማቆሚያ ላይ ከሚቀመጡት ከኪው 3 ሜታና ከኪው ኮንሰርቶ ሜታ መካከል ይሁን። ኪው 3 ሁለት ክፍል ያለው ነው፤ ማለትም ትዊተሩን በእምብርቱ የያዘው ኮን ራሱ ቤዙንም ያወጣል። በዝግታ ሲደመጥ እንከን የለውም፤ ድምፁ ከፍ ሲል ግን ኮኑ ለቤዙ ሲል ወደፊትና ወደ ኋላ በሰፊው መመላለስ ይጀምራል፣ የትዊተሩን ድምፅ እንደ ጥሩምባ አፍ የሚመራውም እሱው ስለሆነ የላይኛው ድምፅ በትንሹ ይታወካል። ኮንሰርቶ ለቤዝ የተለየ ዉፈር ስላለው መካከለኛው ኮን ከዚህ ሸክም ነጻ ነው። አቅም ከፈቀደ ኮንሰርቶ፣ ካልፈቀደ ኪው 3፤ በኪው 3 የሚቆጭ ሰው ግን አይታየኝም።

የ85 ዴሲቤሉ ስጋት ደግሞ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ይህ ቁጥር ስፒከሩ 2.83 ቮልት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት የሚያወጣው የድምፅ መጠን ነው። 2.83 ቮልት ለ8 ኦም (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን መለኪያ ነው) ስፒከር 1 ዋት፣ ለ4 ኦም ግን 2 ዋት ስለሆነ ሁለት ስፒከሮችን በዚህ ቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። 50 ዋት ከ1 ዋት በ17 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ስለዚህ አምፕሊፋየርዎ አንዱን ስፒከር በ1 ሜትር ላይ ወደ 102 ዴሲቤል ሊያደርሰው ይችላል፣ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሁለቱ ስፒከሮች ተደምረው ከ90 ዴሲቤል በላይ በቀላሉ ይሰጡዎታል፤ ያን ያህል ደግሞ ጎረቤት በር የሚያንኳኳበት መጠን ነው። አምፕሊፋየሩን ወደ 100 ዋት ቢያሳድጉት የሚያተርፉት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ወደ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። መመርመር ያለብዎት ሌላ ነገር ነው፦ በአምፕሊፋየርዎ ጀርባ በስፒከር ማሰሪያዎቹ አጠገብ «4 ኦም» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይዩ፤ የሚለው 8 ብቻ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት የስፒከሩን ኦም አጣርተው ይነጋገሩ።

ከባሕር ዳር ጋር የተያያዘች አንዲት ጉዳይ እዚህ ላይ ትነሣለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ኮኑ የሚገፋው አየር ሲሳሳ ያው እንቅስቃሴ የሚፈጥረው ድምፅም ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዴሲቤል ነው። በወረቀት ላይ 85 የተባለው ስፒከር በጣና ዳር 83 ተኩል ሆነ ብለው ይቁጠሩት። ለድምፁ ብዙም አይታወቅም፤ ለአምፕሊፋየሩ ግን የሳሳ አየር ሙቀትን የማንሣት አቅሙም ያነሰ ስለሆነ በቡፌ ሣጥን ውስጥ ዘግተውበት ዳንቴል ከማልበስ ይቆጠቡ።

ከሰሙት ሙገሳና ነቀፌታ መካከል «ቻይና ነው የሚመረተው» የሚለውም አለበት። እውነት ነው፣ ኩባንያው ከ1992 ጀምሮ የሆንግ ኮንግ ባለቤቶች ይዞታ ነው፤ ነገር ግን ጆሮ የፋብሪካ አድራሻ አያነብም፣ የሚያነበው ዓይን ነው። ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በ1994 ባሳተሙት ሙከራ 40 አድማጮች ያንኑ ስፒከር በመጋረጃ ተጋርዶና በግልጽ እያዩት እንዲመዝኑ ተደርጎ ነበር፤ እያዩ ሲመዝኑ የሰጡት ነጥብ ሳያዩ ከሰጡት ተለየ፣ ስፒከሩ በክፍሉ ውስጥ ቦታ ሲቀይር የሚመጣውን እውነተኛ የድምፅ ለውጥ እንኳ እያዩ ሲሰሙ ብዙ አልተገነዘቡትም። ቱል ቀደም ብሎ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ተቋም ባደረጋቸው ሙከራዎች ደግሞ ሰዎች ዓይናቸው ሲጋረድ ምርጫቸው በሚያስገርም ሁኔታ እንደሚቀራረብ አሳይቷል፦ ከፊት ለፊት ሚዛኑን የጠበቀ፣ ወደ ጎን ሲሄድም ድንገት የማይዘባረቅ ድምፅ። ዛሬ ስፒከርን በዙሪያው በ70 ነጥቦች ለክቶ ይህንን በግራፍ የሚያሳይ መስፈርት ስላለ ከ«ሞቅ ያለ» እና «ቀዝቀዝ ያለ» ቅጽል ይልቅ የዚያን ግራፍ መስመር ይፈልጉ፤ ከላይኛው መስመር ጀምሮ ወደ ታች ያሉት መስመሮች ተመሳሳይ ቅርጽ ይዘው ከወረዱ ስፒከሩ ለኤል ሶፋ ይሆናል።

አቀማመጡ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ድካሙ ያለው እዚህ ነው። ስፒከሮቹ ባለ 4 ሜትሩ ግድግዳ በኩል ሆነው ወደ 5 ሜትሩ ርዝመት እንዲያዩ ያድርጉ፤ ሁለቱም ከጎን ግድግዳቸው እኩል ከራቁ በ43 ኸርዝ ላይ አንዱ የሌላውን ማስተጋባት ያዳክመዋል፣ ይህም ነጻ መድኃኒት ነው። ቡፌው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ መሸጎጥ ግን አይሆንም፤ የአየር ቀዳዳው በጀርባ በኩል የሆነ ሣጥን ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ክፍት ቦታ ከኋላው ይፈልጋል፣ የቡፌው ክፍል ራሱም እንደ ሌላ ሣጥን ያስተጋባል። ማቆሚያውን ማንኛውም ብየዳ ቤት በቱቦላሬ ይሠራልዎታል፤ ቁመቱን ሲያዙ ሶፋዎ ላይ ተቀምጠው ከወለል እስከ ጆሮዎ ይለኩ፣ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 100 ሴንቲሜትር ይመጣል፣ ትዊተሩ በዚያ ልክ እንዲውል ያድርጉ። ቱቦላሬውን በደረቀ አሸዋ ቢሞሉት መንቀጥቀጡ ይጠፋል። የሴራሚክ ወለላችን በውኃ የሚታጠብ መሆኑን ደግሞ አይርሱ፦ የስፒከር ሣጥን የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ስለሆነ ከታች ውኃ ከነካው ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም፤ ረጃጅሞቹን ስፒከሮች ያልወደድኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ። በሐይቁ ዳር የሚሸጠው የደንገል ምንጣፍ ለዓይን ያምራል፣ ለድምፅ ግን ስስ ነው፤ ከላይኛው ድምፅ በቀር የሚይዘው የለም።

ሲደርሱልዎ በምን እንደሚፈትኗቸው ላንሣ። በበገና አይጀምሩ፤ የበገና አሥሩ ክሮች ከእንዝራው (ከሥራቸው ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ጋር ሲነካኩ የሚያወጡት ንዝረት ከዋናው ድምፅ በላይ በተደረደሩ ንዑስ ድምፆች የተሞላ ስለሆነ ጆሮ የጎደለውን ቤዝ ከእነርሱ ተነሥቶ ራሱ ይሞላዋል፣ ለዚህም ነው በገና በስልክ እንኳ በገና የሚመስለው። ለቤዝ የከበሮውን ሰፊ ፊት ያዳምጡ፤ አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ላዩ ላይ ከወደቀበት ሳሎኑ እየያዘው ነው። ለላይኛው ድምፅ ከዘፈን ይልቅ የዜና አንባቢ ይሻላል፦ አማርኛ «ጸ»፣ «ጨ» እና «ጠ»ን የመሳሰሉ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች አሉት፤ ጥሩ ስፒከር ላይ ቁርጥ ብለው ያልቃሉ፣ መጥፎው ላይ ከኋላቸው ፉጨት ያስከትላሉ። የቆዩ የሸክላ ዘፈኖች ላይ ጭርጭርታው ከበፊቱ ጎልቶ ቢሰማዎት ስፒከሩን አይክሰሱ፤ ድሮም ነበረ።

ስለ መብራት፦ እነዚህ ስፒከሮች በራሳቸው መብራት አይሰኩም፣ ስለዚህ ከአሜሪካ መምጣታቸው ችግር የለውም። ወንድምዎ በደግነት ሰብውፈር (በራሱ መብራት የሚሠራ የቤዝ ስፒከር) እጨምርልሃለሁ ካሉ ግን በጀርባው 220 ቮልት መጻፉን ሳያዩ አይግዙ፤ 120 ብቻ የሚቀበለው እዚህ በተሰካ በሰከንድ ውስጥ ይቃጠላል። መብረቅ በሚበዛበት ክረምት ደግሞ ስታቢላይዘር አለኝ ብሎ ከመተማመን ሶኬቱን መንቀል ይሻላል።

አንድ ነገር በጥያቄዎ አልገለጹም፦ የሶፋው ጀርባ ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል ወይስ ክፍተት አለው? ተጣብቆ ከሆነ ቤዙ ሁሉ እዚያ ስለሚከማች ስፒከሩ ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ወደፊት ይሳቡት፤ ቦታው የማይፈቅድ ከሆነ የሳሎኑን በርና መስኮት ቦታ በወረቀት ላይ ነድፈው ይላኩልኝና የስፒከሮቹን ርቀት በዚያው ልክ አሰላለሁ።